ከመክፈት በፊት መዝጋት
(በጎጃም፣ በአባይ በረሃ አፋፍ ለሚኖሩ አርሶ አደሮችና ወጣቶች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንደምን ዋላችሁ። ከቅዳሴ ወጥታችሁ ቤት ሳትገቡ ስለቆያችሁልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሽማግሌዎቻችን ስለ አደን ተናገር ሲሉኝ እሺ ለማለት ጊዜ አልፈጀብኝም። ወቅቱ እየደረሰ ነው። ጤፉ መገርጣት ጀምሯል። አጨዳው ሲገባ ማሳው ይራቆታል፣ ድኩላውም መደበቂያ ያጣል። ያኔ ልጆቻችን ውሻ አስከትለው ወደ ገደሉ ይወርዳሉ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ለረጅም ዓመታት የኖርኩት አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ በሚባል ክፍለ ግዛት ነው። እዚያ አጋዘን አድኛለሁ። አሁን ስለዚያ አደን የማወራላችሁ የሰው አገር ለማሞገስ አይደለም። እኛ ዘንድ የጎደለ አንድ ነገር እዚያ ስላየሁ ነው።

እዚያ የአጋዘን አደን በጠመንጃ የሚከፈትበት ቀን አስቀድሞ ይታወጃል። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምስጋና ቀን ከሚሉት በዓላቸው ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ነው የሚከፈተው። በእኛ አቆጣጠር ጾመ ነቢያት ከገባ በኋላ መሆኑ ነው። ስለዚህ እኔ ሥጋውን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጬ ገናን እጠብቅ ነበር። ጎረቤቶቼ ይሄ ነገር ይገርማቸው ነበር።

ዝግጅቱ ግን ከወራት በፊት ይጀምራል። አዲስ አዳኝ ሥልጠና ወስዶ ፈተና ሳያልፍ ፈቃድ አያገኝም። በፈቃዱ የሚገደለው ቀንድ ያለው አንድ ወንድ ነው። ሴት ለመግደል ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ እሱም በየአካባቢው በቁጥር የተወሰነ ነው። ጠመንጃው ዒላማ ላይ ይፈተሻል። የማነጣጠሪያ መነጽሩ ትንሽ ከተዛነፈ እንስሳው ቆስሎ ያመልጣል፣ ጫካ ውስጥ ሲሰቃይ ይሞታል። እዚያ ያሉ ጥሩ አዳኞች ከዚህ የበለጠ የሚያፍሩበት ነገር የለም።

ከዚያ ጫካውን ያለ ጠመንጃ መዞር አለ። ለእኔ ከአደኑ ሁሉ የሚጣፍጠው ይሄ ነው። ወንዱ አጋዘን ቀንዱን ያሸበት ግንድ ይፈለጋል። ቅርፊቱ ተልጦ እንጨቱ ነጭ ሆኖ ከሩቅ ይታያል። ጠጋ ብላችሁ በጣታችሁ ትነኩታላችሁ። እርጥብ ከሆነ እንስሳው እዚህ ከነበረ ብዙ አልቆየም። ከደረቀ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ኮቴው፣ በጠጡ፣ ቀንጥሶ የተወው ቅጠል፣ ሁሉም ይነበባል። ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ቁንጥጫ ዱቄት ይበተናል። አባቶቻችን አመድ ይበትኑ የለ? ያው ነው። እዚህ ከእረኝነት ያገኘሁት ዕውቀት እዚያም አልከዳኝም።

በአደኑ ቀን ደግሞ ሁሉም በራሱ፣ በደረቱና በጀርባው ላይ ደማቅ ብርቱካናማ ልብስ ያደርጋል። በሕግ የታዘዘ ነው። ከዒላማህ ጀርባ ምን እንዳለ ሳታይ አትተኩስ የሚለው ትምህርት ልጅ አዋቂ ሳይባል ለሁሉም ይነገራል። ገደል ለገደል ለምንተኩስ ለእኛም ይሄ ትምህርት ያስፈልገናል።

ይሄን ሁሉ ካልኩ በኋላ ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

ያ ክፍለ ግዛት ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አጋዘን አለው። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አልነበረም። ከመቶ ምናምን ዓመት በፊት ያለ ልክ አድነው ሊጨርሱት ምንም አልቀራቸውም ነበር። በ1895 እ.ኤ.አ. የዱር እንስሳት ኮሚሽን አቋቋሙ። በ1906 ሚሺጋን ከሚባል ሌላ ክፍለ ግዛት አጋዘን እያመጡ ጫካቸው ውስጥ መልቀቅ ጀመሩ። በ1907 ሴት አጋዘን መግደልን በሕግ ከለከሉ። አጋዘን በውሻ ማሳደድም ክልክል ነው። የኋላ ኋላ እንዲያውም በዝቶ የጫካውን ችግኝና የገበሬውን በቆሎ መፍጀት ጀመረ። ስለዚህ ሴቷንም በልክ፣ በፈቃድ መግደል ተፈቀደ። ልብ በሉ፤ መጀመሪያ ዘጉ፣ ከዚያ ቆጠሩ፣ ከዚያ ከፈቱ። እኛ ግን ዘግተን አናውቅም። ያልተዘጋ ነገር ደግሞ አይከፈትም።

"እንግዲያው እኛም ወር እንቁረጥ" የሚል ሰው ይኖራል። ነገሩን ሳስበው ይሄ ብቻውን አይበቃንም። የእነሱ አጋዘን የሚወልደው በአብዛኛው በግንቦትና በሰኔ ነው። ህዳር ሲደርስ ግልገሉ ጡት ትቶ ራሱን ችሏል። ስለዚህ ወር መቁረጥ ለእነሱ ይሠራል። የእኛ ድኩላ ግን በየትኛውም ወር ሊወልድ ይችላል። እናቲቱ ስድስት ወር ያህል ታረግዛለች፣ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደውም አንድ ነው። ግልገሏን ጥሻ ውስጥ ደብቃ ለግጦሽ ትሄዳለች፣ ተመልሳ ታጠባለች። አውሬ ሽታውን ተከትሎ እንዳያገኘው ፋንድያውን ሳይቀር ትበላለታለች። እንዲህ አድርጋ የምታሳድገው አንድ ልጅ ነው። እሷ ከሞተች እሱም እዚያው ጥሻ ውስጥ ይቀራል፣ ማንም አያየውም።

ስለዚህ ለእኛ ትልቁ መለያ ቀንድ ነው። ድኩላ ቀንድ የሚያወጣው ወንዱ ብቻ ነው። የሽቦ ወጥመድ ግን ቀንድ አያይም። ውሻም አያይም። ውሻ የተነሳውን ሁሉ ያሳድዳል፣ ሆዷ የገፋ እናት ደግሞ ሩቅ አትሮጥም። ቀድማ የምትያዘው እሷ ናት። አባቶች፣ እስኪ እናንተው ፍረዱ። ያረገዘች ድኩላ ገድሎ ዘራፍ ያለ ሰው በእናንተ ዘመን ነበር? ፉከራው ለአንበሳ፣ ለጎሽ፣ ለዝሆን አልነበረም ወይ?

ሕጉንም ልንገራችሁ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ አለ። ያለ ፈቃድ ማደን በገንዘብም በእስርም ያስቀጣል። ስለዚህ ዘንድሮ ወንዱን ብቻ ግደሉ ልላችሁ አልመጣሁም። ዘንድሮ ማንም እንዳይገድል ልለምናችሁ ነው የመጣሁት። ዘመዶቻችን በሚያውቋቸው በአርሲና በባሌ ተራሮች የውጭ አገር አዳኞች ለአንድ የደጋ አጋዘን በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ከፍለው፣ በሕግ፣ ያረጀ ወንድ መርጠው ያድናሉ። ይሄ የሆነው አጋዘኑ ስላለ ነው። ነገ ሕጋዊ መንገድ ወደ እኛ ቢመጣ ምን እናሳያለን? ባዶ ገደል?

ድኩላ አዝመራ እንደሚበላ አውቃለሁ። በባቄላው ጉዳት የደረሰበት ሰው እዚህ መካከላችን ተቀምጧል። ቢሆንም ከዝንጀሮና ከጃርት ጋር አንድ ላይ አትደምሩት። እሱ ብቻውን ነው የሚሄደው፣ አጥር ዳር እሳት ሲያይ ወይ ሰው ሲሰማ ይሸሻል። ደግሞ ነብሩን አስቡት። ድኩላና ሚዳቋ ሲያጣ የት የሚመጣ ይመስላችኋል? ፍየላችሁ በረት ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ ሥራው። ከአጨዳው በፊት ወጥመዱ ከገደሉ ይውጣ። ማን አጠመደው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ይሄን ከሽማግሌዎቹ ጋር ተነጋግረን ጨርሰናል። ውሻ ያላችሁ እህሉ እስኪነሳ ድረስ ውሻችሁን እሰሩ፣ ከብት የሚጠብቀው ከእረኛው አይለይ። እረኞች ደግሞ ድኩላ ስታዩ የት እንዳያችሁት፣ ቀንድ ይኑረው አይኑረው ለመምህራችሁ ንገሩ። መምህሩ ደብተር አዘጋጅቶ እየጻፈ ሊይዝ ቃል ገብቶልኛል። ቆጠራው ከዚህ ይጀምራል።

የፊታችን ሐሙስ ጠዋት፣ ከብቱ ከተሰማራ በኋላ ከትምህርት ቤቱ በር እንገናኝ። ሽቦ መቁረጫ እኔ አመጣለሁ። እናንተ ገጀራ፣ ውሃና ጠንካራ ጫማ ያዙ። ቁልቁለቱ ገና አልደረቀም፣ ያንሸራትታል፤ ስለዚህ ሕፃናት አይከተሉን። የተሰበሰበውን ሽቦ ለቀበሌው እናስረክባለን። የምትመጡ ከዚህ ሳትበተኑ ስማችሁን ለጸሐፊው አስመዝግቡ። ጥያቄ ያለው አሁን ይጠይቀኝ። አመሰግናለሁ።