ኪሎ ሲቀንስ አጥንት እንዳይከተለው

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

ምግቡን የቀነሰ ሰው ሚዛን ላይ ወጥቶ 5 ኪሎ መጉደሉን ሲያይ ደስ ይለዋል። ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ ስብ፣ ምን ያህሉ ጡንቻና አጥንት እንደሆነ ግን ሚዛኑ አይናገርም። ከ60 ዓመት ዕድሜ በኋላ ደግሞ የሄደው ኪሎ በቀላሉ ይመለሳል፤ የሄደው አጥንት ግን አብሮት አይመለስም።

አጥንት ዘወትር ይፈርሳል፣ ዘወትር ይገነባል። አፍራሾቹ ሴሎች አንድን ቦታ ለመቦርቦር ጥቂት ሳምንታት ይበቋቸዋል፤ ገንቢዎቹ ያንኑ ለመሙላት ወራት ይፈጅባቸዋል። ምግብ ሲቀንስ አጥንቱ የሚሸከመው ክብደት ይቀላል፣ አንጀት የሚመጠው ካልሲየም ያንሳል። ያረጡ ሴቶች አጥንትን የሚጠብቀውን ሆርሞን፣ ኤስትሮጅንን፣ የሚያገኙት በአብዛኛው ከስብ ስለሆነ እሱም አብሮ ይጎድላል።

በ2011 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 107 ከልክ ያለፈ ውፍረት ያላቸውን ሰዎች ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። ምግብ ብቻ የቀነሱት ከዳሌ አጥንታቸው ጥግግት 2.6 በመቶ አጡ፤ እንቅስቃሴ የጨመሩበት 1.1 በመቶ ብቻ።

ስለዚህ በቀን ከ500 ካሎሪ በላይ አትቀንሱ። የሚቀነሰውም ከዘይትና ከስኳር ይሁን። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚተወው ወተትና እንቁላል ነው፤ ስህተቱ እዚያ ይጀምራል። ፕሮቲን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ያስፈልጋል፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው እስከ 84 ግራም፣ በሦስት ማዕድ ተከፋፍሎ። የኩላሊት ሕመም ያለበት ግን መጠኑን ከሐኪሙ ይወቅ።

ካልሲየም ከ50 ዓመት በላይ ለሆነች ሴት በቀን 1200 ሚሊግራም ነው፤ አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ገደማ ይሰጣል። ኪኒን የምትወስዱ ከሆነ ጽሑፉን ልብ ብላችሁ አንብቡ፦ «ካልሲየም ካርቦኔት 1250» ማለት ንጹሕ ካልሲየሙ 500 ነው። ከ500 በላይ በአንድ ጊዜ ቢዋጥ አንጀት በደንብ አይመጠውም። ካርቦኔቱ የሚዋጠው ከምግብ ጋር ነው፤ ከታይሮይድ መድኃኒት ደግሞ 4 ሰዓት ይራቅ።

የእግር ጉዞ ከሚገባው በላይ ይወደሳል፤ ለልብ ጥሩ ነው፣ ለዳሌ አጥንት ግን ብቻውን አይበቃም። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ክብደት ማንሳት ይኑር። ለጀማሪ ወንበር ይበቃል፦ በእጅ ሳይደገፉ ከ8 እስከ 12 ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፤ ሲቀል ክብደት መያዝ። የጀርባ አጥንቱ ተሰብሮ የሚያውቅ ሰው ግን ወገቡን አጎንብሶ ክብደት አያንሳ።

የአጥንት ጥግግት ምርመራ ውጤቱ (ቲ-ስኮር፣ አጥንቱን ከጤናማ ወጣት አጥንት ጋር የሚያነጻጽረው ቁጥር) ሲቀነስ 2.5 ወይም ከዚያ በታች የሆነ ሰው፣ ምግብ መቀነስ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።