ሚድ ላይ የተሰነጠቀ ጎበዝ ተማሪ ፋይናል ላይ እንዴት ይቆማል? (የቪዲዮ ጽሑፍ)

ሰላም ሰላም የቻናላችን ቤተሰቦች! ዛሬ ስለ ሪዚሊየንስ ነው የምናወራው፣ ወድቆ መነሳት በሉት፣ እሱ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ውጤት ላይ ምን ያደርጋል የሚለውን።

መጀመሪያ ግን ሳይት እንሂድ፣ ሲቪሎች ይሄ የናንተ ነው። ኮንክሪት ከላይ ስትጫኑት ይችላል፣ ስትጨምሩበት ይችላል። ግን ቢም፣ ማለትም ጫፍና ጫፉ የተደገፈ አግዳሚ፣ አድርጋችሁ መሃሉ ላይ ስትጫኑት ከታች በኩል ይጎተታል፣ ሲጎተት ያለው አቅም ደግሞ ሲጨመቅ ካለው አንድ አስረኛ ገደማ ነው፣ ቀጭ ይላል! ለዛ ነው ከታች ፌሮ፣ ብረቱ ማለት ነው፣ የሚገባው። እና ስሙኝማ፣ ፌሮ ያለው ቢምም እኮ ይሰነጠቃል። በደንብ የተሠራ ቢም ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ትኖራለች፣ ዲዛይን ሲሠራም ትታሰባለች፣ ኮንክሪቱ ሲሰነጠቅ ጉተታውን ፌሮው ይረከባል፣ ቢሙ ሥራውን ይቀጥላል። ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ሲወጣ የኖረ ልጅ ግቢ ገብቶ አፕላይድ ማትስ ሚድ ላይ ከ30 8 ሲያገኝ ይቺ ስንጥቅ ናት በቃ፣ ያለች የምትጠበቅ ስንጥቅ። ከታች ፌሮ አለው ወይ፣ ሲሰነጠቅ የሚይዘው ሰው አለው ወይ ነው የኔ ጥያቄ።

አሁን ብዙዎቻችሁ የምትጽፉልኝ ነገር አለ፣ «ጠንካራ ልጅ ብቻውን ይወጣዋል፣ ሰው የሚጠይቅ ሰነፍ ነው» የሚል። ይሄን ዝም ብዬ አላልፈውም፣ ልጆች የሚባረሩት እዚህ ጋ ነዋ! እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዩሪ ትሬዝማን የሚባል የሂሳብ ሰው በርክሌይ ካሊፎርኒያ ካልኩለስ የሚወድቁ ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎችን አጠና። መምህራኑ ሞቲቬሽን የላቸውም፣ ቤዝ የላቸውም፣ ቤተሰብ አይደግፋቸውም ይሉ ነበር። አብሯቸው ውሎ ሲያይ ልጆቹ ይለፋሉ፣ ግን ብቻቸውን። ጥሩ ውጤት የነበራቸው ቻይናውያን አሜሪካውያን ደግሞ መጀመሪያ ለየብቻ ይሠራሉ፣ ከዛ ተሰብስበው ይተራረማሉ፣ አንድ ጥያቄ ለሁሉም እምቢ ካለ ጥያቄው ነው የከበደው፣ እኔ ደደብ ሆኜ አይደለም ብለው ያውቃሉ። እና ትሬዝማን ወርክሾፕ ከፈተ፣ ማካካሻ እንዳይመስላችሁ፣ ከበድ ያለ ጥያቄ በግሩፕ የሚሠራበት፣ ውጤታቸውም ከፍ አለ። ያው ልጆች ናቸው እኮ!

ቴክኒካሉን ቶሎ ልበላችሁ፣ ሳይመን ካሲዲ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው የአካዳሚክ ሪዚሊየንስ መለኪያ 30 ጥያቄ አለው፣ የሚለካው አለመተውን፣ ራስን ማየትና እርዳታ መጠየቅን፣ ከዛ መጥፎ ስሜት ሲመጣ የምትሆኑትን ነው። አያችሁ? መጠየቅ መለኪያው ውስጥ አለ!

ዲፓርትመንትም ቢሆን ቲቶሪያል ሳያዘጋጅ ተማሪውን «ጠንክር» ማለቱ ልክ አይደለም፣ ይሄ የኔ አቋም ነው።

እና ሚድ ሲለጠፍ በዛው ሳምንት ፔፐራችሁን እዩ፣ የት ጋ እንደሳታችሁ መምህሩን ጠይቁ፣ ያን ኮርስ የጨረሰ ሲኒየር ፈልጉ። ግሩፕ ስተዲ ወሬ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ምን እናድርግ የሚለውን በሚቀጥለው ቪዲዮ እናየዋለን፣ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ውጤቱ ዝቅ ብሎ ዋርኒንግ (ማስጠንቀቂያ) ላይ ያለ የዶርም ልጅ ካላችሁ ደግሞ ይሄን ዛሬውኑ ላኩለት።