እሳት የሌለው ወጥ ቤት

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። መብራት ስለጠፋ በስልኬ ነው የምቀዳው፣ ድምፁ ቢያስተጋባ ታገሱኝ። ከጀርባ የምትሰሙት የጎረቤት ውሻ ነው። እሱን ዝም ማሰኘት እስካሁን አልተቻለም።

የጥሬ ምግቡን ነገር ላወራችሁ ነው። "ከሳሽ ወይ? ተሻለሽ ወይ?" እያላችሁ ቴሌግራሜን ሞልታችሁታል። ለነገሩ በሽታ የለብኝም። ደክሞኝ ነው ጥሬ ምግብ ብቻ ወደሚበላበት ማረፊያ የሄድኩት። እንቅልፍ አጥቼ፣ ሆዴ እየተነፋ፣ ስልኬን ሌሊቱን ሙሉ እያየሁ፣ እንደ ማናችሁም።

ቦታው ከአዘዞ አልፎ ወደ ጎርጎራ በሚወስደው መንገድ፣ ደምቢያ ውስጥ ነው። ስሙን አልናገርም። ባለቤቷ ውጭ ብዙ ዓመት ኖራ የተመለሰች ሴት ናት፣ ጥሩ ሰው ናት፣ ልፋቷም ይታያል። ግቢው በፓፓያና በማንጎ የተሞላ ነው። ስልክ በር ላይ ይረከቡሻል። ጎህ ሲቀድ መነሳት፣ የእግር ጉዞ፣ ዮጋ፣ ከዚያ ፍራፍሬ። ምሳ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ አቮካዶ፣ የምስር በቆልት። ማታ ደግሞ ተልባ ተዘፍዝፎ ፀሐይ ላይ የደረቀ ቂጣ መሰል ነገር። እሳት የሚባል የለም። ቆሎ እንኳ የለም! ጎንደር ተወልዶ ቆሎ የሌለበት ቤት ማደር ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አልችልም።

ሕጉ እንዲህ ነው። ጥሬ በሊታዎቹ ምግብ ከተወሰነ ሙቀት በላይ ከሞቀ "ሞተ" ይላሉ። አንዳንዱ 42 ዲግሪ ይላል፣ አንዳንዱ እስከ 48 ይፈቅዳል። የኛዋ 46 ላይ ነው የቆመችው። ምክንያቱን ስትጠይቋት "ኢንዛይሙ ይሞታል" ትላለች። እውነት ነው፣ ኢንዛይም፣ ማለትም ሕያው ነገር ውስጥ የኬሚካል ሥራ የሚያፋጥነው ፕሮቲን፣ በሙቀት ይበላሻል። ግን የካሮቱ ኢንዛይም የተሠራው ለካሮቱ ነው። ሆዳችን ሲገባ የጨጓራ አሲድ አብዛኛውን እንደ ማንኛውም ፕሮቲን ይፈጨዋል። እኛ ምግብ የምንፈጭበትን ኢንዛይም ቆሽትና አንጀት ራሳቸው ይሠሩታል። ይሄን ስላት ፈገግ ብላ ሌላ ፓፓያ ሰጠችኝ።

በዚያ ሕግ ከሄድን ደግሞ ቋንጣ ጥሬ ምግብ ነው። ብርዝም ነው፣ ማርና ውሃ ብቻ ስለሆነ። ብርዙን አጸደቁት፣ በየቀኑ እንጠጣ ነበር። "ጠጅስ?" ብዬ ጠየቅሁ። ሳቁብኝ።

ስሄድ ቀላል ይሆናል ብዬ ነበር። እኛ እኮ ጿሚዎች ነን። ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው፣ ረቡዕና ዓርቡ፣ ፍልሰታው፣ ነቢያቱ ሲደመር የዓመቱ ግማሽ ያህል ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል ሳንነካ ነው የምናልፈው። ታዲያ ቅጠል መብላት ምን ያቅተናል? ያቃተን ቅጠሉ አይደለም። የጾም ምግባችን እኮ ከፍስኩ በላይ በእሳት የቆመ ነው! ሽሮውን አስቡት። ሽምብራው ወይ አተሩ ይቆላል፣ ይከካል፣ ይፈጫል፣ እንደገና ድስት ውስጥ ይንተከተካል። ሱፉ ይታመሳል። ተልባው ይቆላል። ባቄላው ወይ ይቀቀላል ወይ ይቆላል። እንጀራው ቀናት ቦክቶ ምጣድ ላይ ይወጣል። ሥጋን ግን ጥሬውን ቆርጠን በአዋዜ እንበላለን። ገረመኝ። በሬ ጥሬውን የሚበላ ሕዝብ ሽሮን ጥሬውን አይሞክራትም።

ምክንያት አለው። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ይሰጣል፣ አባቶቻችን ያንን ያውቁ ነበር፣ መድኃኒቱን ከኮሶ ዛፍ አበባ ጨምቀው እየጠጡ ከትሉ ጋር ተስማምተው ኖሩ። ጥሬ ጥራጥሬ ግን ሌላ ነገር ነው። ቀይ ቦሎቄን ውሰዱ። በደንብ ያልበሰለ አራት አምስት ፍሬ ሰውን እያስታወከ ሊያስተኛ ይችላል፣ ውስጡ ሌክቲን የሚባል ነገር ስላለ። የሚያጠፋው በደንብ መፍላት ነው። እኛ ጋ ደግሞ ከተማችን ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ 100 አይደርስም። ለዚህ ነው እናቶቻችን ማታ ዘፍዝፈው ጠዋት ጥደው ቀትር ድረስ የሚጠብቁት። "ማገዶ ጨረሰ" እያሉ የሚያማርሩትም ለዚሁ ነው።

አሁን ወጥ ሠሪዋን ላስተዋውቃችሁ። የደምቢያ ሴት ናቸው፣ እትዬ ነው የምንላቸው፣ ድግስ ሲኖር ከሩቅ የሚጠሩ ባለሙያ። እሳት በሌለው ቤት ተቀጥረው ካሮት ሲፈቀፍቁ ይውላሉ። አንድ ቀን አጠገባቸው ቁጭ ብዬ "እትዬ፣ ሥራው እንዴት ነው?" ስላቸው ምን አሉኝ፣ "አንች ልጅ፣ ሥራ ትይዋለሽ ይሄን? ደመወዝ ይከፍሉኛል፣ እኔም ዝም ብዬ እፈቀፍቃለሁ።"

ዝም ያላሉት የጓያው ቀን ነው። ባለቤቷ ገበያ ወጥታ ጓያ ገዝታ መጣች። ፕሮቲኑ ብዙ ነው፣ ርካሽ ነው፣ እናበቅለውና በሰላጣ እናቅርበው አለች። ፕሮቲኑስ እውነት ነው። እትዬ ግን ከረጢቱን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። "ልጄ፣ ጓያ በእጄ አላቀርብም። ከፈለግሽ አሰናብችኝ" አሏት፣ እንግዳው ሁሉ ፊት።

ደምቢያ ላደገ ሰው ይሄ ማብራሪያ አይፈልግም። ጓያ ውስጥ ነርቭ የሚጎዳ መርዝ አለ። ድርቅ ወይ ጎርፍ ሌላውን እህል ሲያጠፋው ጓያ ይተርፋል፣ ሰዉም ለወራት እሱን ብቻ ይበላል፣ ከዚያ ጉልበት ይከዳል። እግር ይተሳሰራል፣ በሁለት ምርኩዝ መሄድ ይመጣል፣ አይመለስም። ብዙውን ጊዜ የሚመታው ወጣት ወንዶችን ነው፣ በእርሻ ጉልበታቸው የሚያስፈልግበት ዕድሜ ላይ። የነርቭ ሐኪሞች ደምቢያና ፎገራ ገጠር ድረስ ወርደው ያጠኑት ነገር ነው። እንግዲህ ፍትሐዊ ልሁን፣ አንድ ሰሃን የጓያ ሰላጣ ማንንም አያሽመደምድም። ችግሩ "ማብቀል መርዙን ያወጣዋል" የሚለው ነው። አያወጣውም። የበቀለው ቡቃያ ውስጥም ይኖራል። የሚቀንሰው ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ ቀቅሎ አሁንም ውሃውን መድፋት ነው። ቢሆንም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። እትዬ ይሄን ከኬሚስትሪ መጽሐፍ አልተማሩትም። ከመንደራቸው ምርኩዝ ነው የተማሩት። ባለቤቷም ጓያውን መለሰች፣ ይሄን ለክብሯ እናገራለሁ።

ስለ በቆልት ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. 2011 ጀርመን ውስጥ ከ50 በላይ ሰው የሞተበት፣ ወደ 4 ሺህ የሚጠጋ ሰው የታመመበት የምግብ መመረዝ ነበር። ምንጩ ምን ሆኖ ተገኘ? አብሽ! ከግብፅ የሄደ የአብሽ ዘር፣ አብቅለው ጥሬውን የበሉት። ዘር የሚበቅልበት ሙቀትና እርጥበት ለባክቴሪያም ድግስ ነው። እኔ በቆልት እወዳለሁ፣ አሁንም እበላለሁ፣ ግን እሳት አሳይቼ።

ራስ ምታቱ ደግሞ! ቡና የለም። መጀመሪያዎቹ ቀናት ግንባሬ ሊሰነጠቅ ደረሰ። "መርዝ እየወጣ ነው" ተባልኩ። የምን መርዝ? ከአቦል እስከ በረካ በቀን ሁለቴ የምጠጣ ሰው ቡና በአንዴ ካቆመ፣ ገና ቀን ሳይሞላ ራሱን ያመዋል፣ በሁለተኛው ቀን ይብስበታል፣ ቢበዛ በሳምንት ወይ ትንሽ ቆይቶ ይለቀዋል። የካፌይን ጉዳይ ነው፣ በቃ። ይባስ ብሎ ጎረቤት ያለው ገበሬ ቤት ቡና በቆሉ ቁጥር ጭሱ በአጥሩ ይገባል። ሁላችንም ዮጋውን ትተን አፍንጫችንን ወደ አጥሩ እናዞር ነበር።

አሁን ደግ ደጉን ልናገር። ተሻለኝ። እውነቴን ነው። እንቅልፌ ተመለሰ፣ ሆዴ ቀለለኝ፣ ፊቴ ጠራ። ባለቤቷ "አየሽ፣ ጥሬ ምግብ!" አለችኝ። እኔ ግን ሌላ ነው የማስበው። ስልኬን ተቀብላኛለች። በጊዜ ነው የምተኛው። በየማለዳው እሄዳለሁ። ስኳር፣ ለስላሳ፣ የሌሊት ሻይ የለም። ጎመንና ካሮት በዓመት ከበላሁት በላይ በላሁ። ከዚህ ሁሉ መካከል ምስጋናውን ለጥሬነቱ ብቻ መስጠት ምን ማለት ነው?

ነገሩ አዲስም አይደለም። ማክሲሚሊያን ቢርቸር ቤነር የሚባል የስዊዘርላንድ ሐኪም ነበር፣ ሙስሊ የሚባለውን ቁርስ ያመጣው እሱ ነው፣ የተፈቀፈቀ ጥሬ ፖም ከአጃና ከለውዝ ጋር። እ.ኤ.አ. 1904 ዙሪክ ከተማ ዳር ማረፊያ ከፈተ። ሀብታሞቹ እዚያ ገብተው በማለዳ ይነሳሉ፣ ይራመዳሉ፣ ፀሐይ ይሞቃሉ፣ በጊዜ ይተኛሉ። ድነው ሲወጡ ፖሙን ያመሰግናሉ። እንቅልፉን ያመሰገነ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

ያናደደኝን ልንገራችሁ። ስኳር ያለባቸው አንድ ትልቅ ሰው አብረውን ነበሩ፣ ጋሼ እንላቸዋለን። ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን ኪኒን ይወስዳሉ። ይሄ ኪኒን ቢበሉም ባይበሉም ስኳርን ያወርዳል። ምግቡ በድንገት ቅጠልና ፍራፍሬ ብቻ ሲሆን ማንም "መጠኑን ሐኪም ይየው" አላላቸውም፣ ስኳራቸውን የለካቸውም የለም። አንድ ቀን ከእግር ጉዞ ስንመለስ ላብ በላብ ሆኑ፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ንግግራቸው ተምታታ። ከእንግዶቹ አንዷ ነርስ ናት፣ ሮጣ ብርዝ አምጥታ ነቅተው ሳለ ቶሎ ቶሎ አስጠጣቻቸው። ተመለሱ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ባለቤቷ እዚያም ላይ "ሰውነት እየጸዳ ነው" ልትል ስትጀምር ነርሷ እንዴት እንዳየቻት! ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ ያለባችሁ፣ እርጉዝ የሆናችሁ፣ የምታጠቡ፣ እባካችሁ እንዲህ ያለ ቦታ ከመሄዳችሁ በፊት የሚያክማችሁን ሰው ጠይቁ። እርጉዝ ላልሆናችሁትም እህቶቼ ልናገር፣ ጀርመን ውስጥ ለረጅም ጊዜ ጥሬ የሚበሉ ሰዎችን አጥንተው፣ ከ45 ዓመት በታች ካሉት ሴቶች 30 በመቶ ያህሉ የወር አበባቸው ተዛብቶ ወይም ጭራሽ ቀርቶ አግኝተዋቸዋል። ክብደት ሲወርድ ሰውነት መጀመሪያ የሚዘጋው እሱን ነው።

ሌላው የከበደኝ መጨረሻ የሌለው መሆኑ ነው። ጾም ፋሲካ አለው። ከመላው ሰፈር ጋር ትጾሚያለሽ፣ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ቆመሽ ከመላው ሰፈር ጋር ትፈቻለሽ። እዚያ ግን እያንዳንዱ በየራሱ ሳህን፣ በዝምታ፣ እያንዳንዱን ጉርሻ ሠላሳ ጊዜ እያኘከ ነው። "ጉርሻ" አልኩ እንጂ ማንም ማንንም አያጎርስም። እትዬን አንድ ቀን በእጄ አቮካዶ ላጎርሳቸው ስል "ተይ፣ ያዩሻል" አሉኝ።

ጥሬ ምግብ ጠላሁ ማለት አይደለም። እኛም እኮ ወቅቱን ጠብቀን እንበላለን። በጥምቀት ሰሞን ከፋሲል መዋኛ ስትመለሱ የሽምብራ እሸት በእቅፍ ገዝታችሁ እየፈለፈላችሁ ቤት ያልደረሳችሁ አላችሁ? ቫይታሚን ሲም እሳት ሲነካው ይቀንሳል፣ ቃሪያና ቲማቲም በጥሬው መብላቱ ጥሩ ነው። ካሮት ግን ከዘይት ጋር በሰል ሲል ነው ሰውነት ይበልጥ የሚወስደው። ሰላጣ ስታጥቡ ደግሞ ውሃው የት እንደዞረ አስቡ፣ አሜባና ጃርዲያ ለዮጋ ደንታ የላቸውም።

ባለፈው ሳምንት ባለቤቷ ደወለችልኝ። አስተያየት ትሰበስባለች። ሦስት ነገር አልኳት። ጓያ አይግባ፣ ኪኒን የሚወስድ ሰው ስኳሩና ግፊቱ ይለካ፣ ማታ ማታ አንድ ድስት ትኩስ ነገር ይኑር። ሁለቱን ወዲያው ተቀበለች። ስለ ድስቱ "እናስብበታለን" አለች። እትዬ ግን ከሰል አስገብተዋል አሉ።