ሦስተኛ ክላርኔት

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝሁም፤ ብቻዬን ነኝ። ለዚህ ዝግጅት መነሻ የሆነችኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለመግባት የምትዘጋጀው የእህቴ ልጅ ናት። ባለፈው ሳምንት የትንፋሽ መሣሪያዋን፣ የክላርኔቷን ሳጥን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ «ባንዱ ውስጥ ብገባ እቸገር ይሆን?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም እንደ እሷ አዲስ ገቢ ሆኜ የትምህርት ቤቴን ባንድ በተቀላቀልሁበት ዓመት ያጋጠመኝን ልነግራት ጀመርሁና፣ ወሬው ሲረዝምብኝ ለእናንተም ላካፍላችሁ ወሰንሁ።

ከዚያ በፊት ለሁለት ዓመት ያህል ክላርኔት የተማርሁት ብቻዬን፣ ከአንዲት አስተማሪ ፊት ተቀምጬ ነበር። ብቻውን የሚነፋ ሰው የራሱን ድምፅ የሚለካው በዚያው በራሱ ድምፅ ነው። ስኬሎቼን፣ ማለትም በተራ የተደረደሩትን የድምፅ ደረጃዎች፣ በፍጥነት እወጣቸውና እወርዳቸው ስለነበር፣ ለባንዱ መግቢያ ፈተና የቀረብሁት ምንም ሳልፈራ ነው። ፈተናው ስኬል ያስጫውታል፤ አስቀድሞ የተለማመዱትን አጭር ሙዚቃ ያስደምጣል፤ በመጨረሻም ዓይተውት የማያውቁትን ኖታ ፊት ለፊት አስቀምጦ እዚያው እያነበቡ እንዲጫወቱት ያዛል። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አልተሰናከልሁም። በሦስተኛው ግን በተሳሳትሁ ቁጥር «ይቅርታ» እያልሁ እንደገና ከላይ እጀምር ነበር፤ አራት ጊዜ ጀምሬ አንዴም አልጨረስሁም። ከዓመታት በኋላ እኔው ራሴ ለአዲስ ገቢዎች ፈተና ረዳት ሆኜ ስቀመጥ እንደተረዳሁት፣ ፈታኙ ይበልጥ የሚፈልገው ተሳስቶም ቢሆን ምቱን ሳይለቅ እስከ መጨረሻው የሚዘልቀውን ልጅ ነው። ባንድ የተሳሳተውን ሰው ቆሞ አይጠብቅምና።

ውጤቱ ሲለጠፍ ስሜን ከሦስተኛ ክላርኔቶች ተርታ አገኘሁት። በባንድ ውስጥ ክላርኔቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ኖታ አይጫወቱም፤ ብዙውን ጊዜ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ተብለው ይከፈላሉ። ዜማው በአብዛኛው የሚደርሰው ለአንደኞቹ ሲሆን፣ ሦስተኞቹ በመሣሪያው ዝቅተኛና ወፍራም ድምፅ ውስጥ ሆነው ከሥር የሚሞላውን ይነፋሉ። የተሰጠኝን ኖታ ቤቴ ወስጄ ብቻዬን ስነፋው ምንም ዜማ አልነበረውም፤ አንድ ድምፅ ለአራት ምት ይያዛል፣ ከዚያ ሌላ ድምፅ ለአራት ምት ይያዛል፣ ከዚያ ረጅም ዕረፍት ይመጣል። ቅጣት መስሎኝ ሁለት ቀን ሙሉ አኮረፍሁ።

የመጀመሪያው ልምምድ ቀን የባንዱ መሪ እጃቸውን አንሥተው፣ «ቢ ፍላት ስጡኝ» አሉ። ሙዚቀኞች ድምፆችን እንደ ቢ ፍላት፣ ኤ ፍላትና ሲ ባሉ ስሞች ይጠራሉ፤ እኔም ቢ ፍላት ብዬ የተማርሁትን ድምፅ በሙሉ ትንፋሼ ነፋሁት። ወዲያው ከዙሪያዬ ጥርስ የሚያንገጫግጭ ድምፅ ተሰማ። መሪው ሁሉንም ጸጥ አሰኙና፣ «ከክላርኔቶቹ መካከል ኤ ፍላት የሚሰጠን ሰው አለ» አሉ። ጣቶቼን ተመለከትሁ፤ አንዱም ቦታውን አልሳተም። እንደገና አስነፉን፤ እንደገናም ያው ሆነ። በዚህ ጊዜ ከጎኔ የተቀመጠችው የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «እሳቸው ቢ ፍላት ሲሉ አንቺ ሲ ንፊ፤ ለእኛ ሲ ነው» አለችኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ የነፋሁት መሣሪያ የሚያሰማው ድምፅ ከተጻፈለት በአንድ ሙሉ ቶን ዝቅ እንደሚል ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። የተለመደው ክላርኔት ሲ ተብሎ የተጻፈለትን ሲነፋ የሚሰማው የፒያኖው ቢ ፍላት ነው። ስለዚህ መሪው ያንን አንድ ድምፅ ሲጠሩ ፍሉቱና ትሮምቦኑ ቢ ፍላት ብለው ያነቡታል፣ እኛና ትራምፔቶቹ ሲ እንለዋለን፣ አልቶ ሳክስፎኑ ጂ ይለዋል፣ ሆርኑ ደግሞ ኤፍ ይለዋል። አራት ስም፣ አንድ ድምፅ። መጀመሪያ ሆን ተብሎ አዲስ ሰውን ለማሳሳት የተፈጠረ ይመስላል፤ ነገር ግን ለነፊው ታስቦ የተሠራ ነው። አዶልፍ ሳክስ እ.ኤ.አ. በ1846 የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው ሳክስፎን በአንድ ልክ ብቻ የተሠራ ሳይሆን፣ ከትንሽ እስከ ትልቅ የሚደረደር ቤተሰብ ነው። አልቶ የተባለውን ሳክስፎን የለመደች ተማሪ ነገ ከእሱ የሚተልቀውን ቴኖር ብትይዝ ያንኑ ኖታ ስታይ ያንኑ የጣት አያያዝ ትጠቀማለች፤ የድምፁን ልዩነት አስቀድሞ የሚያሰላላት ኖታውን የጻፈው ሰው ነው። ብቻዬን ለነፋሁባቸው ሁለት ዓመታት ይህ እውቀት አላስፈለገኝም፤ የኔ ሲ ከማንም ጋር አልተገናኘምና።

ሲን መንፋት ከጀመርሁ በኋላም ነገሩ አላለቀም። የጎረቤቴንና የኔን ድምፅ አንድ ላይ ስንይዘው በመካከላችን ዋው፣ ዋው፣ ዋው የሚል መወዛወዝ ይሰማ ነበር። ሁለት ድምፆች በትንሹ ሲለያዩ ይህ ይፈጠራል፤ አንዱ በሰከንድ 440፣ ሌላው 442 ጊዜ ቢንቀጠቀጥ፣ ጆሮ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። ልጅቷ መንፋቷን ሳታቋርጥ በቅንድቧ ወደ ክላርኔቴ አመለከተችኝ። ከማውዝፒሱ፣ ማለትም በአፍ ከሚያዘው ጫፍ፣ ሥር ያለችውን አጭር መገጣጠሚያ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ለማይበልጥ ያህል ሳብ አደረግኋትና እንደገና ነፋሁ። ውዝዋዜው ዘገየ፤ ጥቂት ስጨምርበት ይበልጥ ዘገየ፤ ከዚያም ቆመ፤ የኔ ድምፅ የቱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ዛሬ ብዙ ተማሪዎች ይህን ሥራ ለስልካቸው መቃኛ ትተው አረንጓዴ መብራት ይጠብቃሉ፤ እኔ ግን ነገሩን አልወደውም። ክፍሉ ሲሞቅና መሣሪያው በትንፋሽ ሲግል የሁሉም ድምፅ እኩል ሳይሆን በየራሱ መጠን ወደ ላይ ይወጣል፤ ከግማሽ ሰዓት በፊት የበራው አረንጓዴ በዚያን ጊዜ ምንም አይጠቅምም።

ለእህቴ ልጅ በተለይ አስረዝሜ የነገርኋት ስለ ዕረፍቱ ነው። የመጀመሪያው ኮንሰርታችን ውስጥ 24 ባር ሙሉ፣ እያንዳንዱ ባር አራት ምት ሆኖ፣ ምንም የማንነፋበት ቦታ ነበረን። አንድ ሁለት ሦስት አራት፣ ሁለት ሁለት ሦስት አራት፣ ሦስት ሁለት ሦስት አራት እያሉ በልብ መቁጠር ቀላል ይመስላል፤ አሥራ ሰባተኛው ላይ ሐሳብ ይሰረቃል እንጂ። በልምምድ አንድ ቀን 23ኛው ላይ ብቻዬን ገባሁ። ድምፄ በባንዱ ውስጥ ጎልቶ የተሰማው ያን ዕለት ብቻ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ከቁጥሩ ጋር ሌሎቹን መስማት ጀመርሁ፤ ትሮምቦኖቹ ደረጃ በደረጃ ወደ ታች ሲወርዱ፣ የመጨረሻውን ድምፅ ሲይዙ፣ አንዱ ከበሮ ሁለት ጊዜ ሲመታ፣ የኛ ተራ ደርሷል ማለት ነው። ቤቴ ሆኜ ዜማ የለውም ያልሁት የአራት ምት ድምፅ በትክክለኛው ቦታ ሲገባ፣ ከላዩ የሚሄደው የፍሉቱ ዜማ ከሐዘን ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል። ይህን ለውጥ ከተመልካቾች ወንበር ሆኖ ማን እንዳመጣው የሚለይ አይኖርም፤ ከሦስተኞቹ ወንበር ግን በደንብ ይሰማል።

የኖታ ወረቀቶቹ ከዓመት ዓመት የሚተላለፉ ነበሩ። የኔው ወረቀት ላይ፣ ከ24ቱ ባር መጨረሻ አጠገብ፣ ከኔ በፊት የነበረ ሰው በእርሳስ ትንሽ መነጽር ሥሎበታል፤ በባንድ ልጆች ዘንድ «ቀና ብለህ መሪውን ተመልከት» ማለት ነው። ዓመቱ ሲያልቅ የእርሳሱን ምልክት ሁሉ አጥፍተን እንድንመልስ ታዘዝን። እኔም የጣት ቁጥሮቹንና የትንፋሽ ምልክቶቹን በሙሉ በላጲስ አጠፋሁ። መነጽሩን ተውሁት፤ ከሥሩም «ትሮምቦኖቹን ስሚ» ብዬ ጽፌበት አስረከብሁ።