«ወረቀቱ የታለ?» ስለ ጫኝና አውራጅ ክፍያና ሥራ ማቆም የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የማዳበሪያ ሰሞን ሲደርስ የፕሮግራማችን ስልክ የሚጮኸው በአንድ ጉዳይ ነው፤ በጫኝና አውራጅ ሒሳብ። ዘንድሮም ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ደውላችኋል። ገሚሶቻችሁ ተቆጥታችሁ፣ ገሚሶቻችሁ አዝናችሁ፣ አንዱ ደግሞ እኔኑ ልትወቅሱ። ሰዓት አልቆብን በአየር ላይ ያልመለስናቸውንም ጨምሬ እዚህ አስፍሬያቸዋለሁ። የምታውቁኝ ታውቁታላችሁ፤ ያው ስለ ወረቀት ልጨቀጭቃችሁ ነው።

ከቡሬ፣ የመጋዘን አውራጅ፦ «ጋሼ፣ የአሜሪካ የወደብ ሠራተኞች ሦስት ቀን ሥራ አቁመው 62 በመቶ አስጨመሩ ሲባል ሰማን። እኛስ ሦስት ቀን ብናቆም?»

ሦስቱን ቀን ሰምተሃል፤ ከዚያ በፊትና በኋላ የሆነውን አልነገሩህም። እነዚያ ሰዎች ወደቦቹን ያቆሙት መስከረም 21 ቀን 2017 ነው። ወደ 45 ሺህ ይሆናሉ። ማኅበራቸው በአገሪቱ ምሥራቅ የባሕር ዳርቻ እንዲህ ያለ ሥራ ማቆም ካደረገ ከ1977 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ያቆሙትም ስድስት ዓመት የቆየው ውላቸው ባለቀ ማግሥት ነው። ውሉ የሚያልቅበትን ቀን አሠሪውም ሠራተኛውም ያውቀዋል፤ ድንገት የሆነ ነገር የለም።

የጠየቁት 77 በመቶ ነበር። አሠሪዎቹ ወደ 50 ገደማ አቀረቡ። 62 ላይ ተገናኙ። እሱም ባንዴ ኪስ የሚገባ አይደለም፤ በስድስት ዓመት ተከፋፍሎ የሰዓት ክፍያው ከ39 ዶላር ወደ 63 እንዲያድግ ነው። ሰው የሚተኩት ማሽኖች ጉዳይ ደግሞ ገና ነበር። እሱ ላይ የተስማሙት ወራት ቆይተው፣ የእኛ ገና ማግሥት ነው።

አሁን አንተን ልጠይቅህ። ማኅበር አላችሁ? ውል አላችሁ? የሚያልቅበት ቀን ተጽፏል? ወረቀቱ የታለ? አሥር ሠራተኛ ካላችሁ ማኅበር ማቋቋም ትችላላችሁ። ማኅበር ገባ ወይም አቤት አለ ብሎ ሠራተኛ ማባረርን ሕጉ ይከለክላል። መጀመሪያ ይሄን ጨርሱና ደውልልኝ። ስለ 62 በመቶው ያን ጊዜ እናወራለን።

ከፍኖተ ሰላም፦ «ማታ ተሳቢ ሲመጣ ከእንቅልፍ ቀስቅሰው ያስራግፉናል። የሚከፍሉን ያው የቀኑን ነው። ልክ ነው?»

ልክ አይደለም። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ከዚያ ያለፈው ትርፍ ሰዓት ይባላል። እንበልና ደመወዝህ 4,160 ብር ነው። ለ26 ቀንና ለ8 ሰዓት ስታካፍለው ሰዓቱ 20 ብር ይመጣል። ትርፍ ሰዓቱ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ከሆነ 30 ብር፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ከሆነ 35 ብር፣ በሳምንት ዕረፍትህ 40፣ በበዓል 50 ብር ነው።

ሰዓቱን ግን ጻፉ። አንድ ልጅ ማስረጃ ብሎ ያመጣልኝ ከሲሚንቶ ከረጢት የተቀደደ ቁራጭ ነበር። አራት ቁም መስመር፣ አምስተኛው አግድም፣ እንደገና አራት ቁም መስመር። ጥጉ ላይ ቀኑና የተሳቢው ታርጋ። ጓደኞቹ ይሥቁበት ነበር። ሒሳቡ ሲተሳሰብ ግን ከእነሱ ምስክርነት ይልቅ ያ ቁራጭ ሠራ። ደግሞም ስሙኝ፤ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። «ዓመት ላይ አንድ ላይ እጠይቃለሁ» የሚባል ነገር የለም።

ከአማኑኤል፣ ነጋዴ፦ «ሁሌ ለአውራጅ ታዳላለህ። ገበሬው ዝናብ ጥሎለት ማዳበሪያው መኪና ላይ ሲያድር ማን ይጠይቅለታል? አውራጅ በጨመረ ቁጥር እህሉም ይወደዳል።»

ገበሬው ሐቅ አለው፤ አልክድም። ግን ተሳቢው እስኪመጣ ጠብቀው በሰኔ ዝናብ ዋጋ የሚደራደሩት እርስዎ ነዎት። ሙሉ ተሳቢ 400 ኩንታል ይዞ ቆሞ፣ ሹፌሩ ጥሩንባ እየነፋ፣ ሰማዩ እየጠቆረ፣ ያን ጊዜ አውራጁ ያሻውን ቢጠራ ማን ይፈርድበታል? ዋጋውን በሚያዝያ ተስማሙ። ጻፉት፤ ተፈራረሙ።

ለግሉ ሥራ በሕግ የተቆረጠ አነስተኛ የደመወዝ ወለል የለንም። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ (ቁጥር 1156) ይህን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይላል። ወለሉ እስኪነጠፍ ግን ፍትሐዊ የሚባለው ሁለታችሁ ቁጭ ብላችሁ የምትስማሙበት ነው። ሳይነጋገሩ «ስግብግብ ናቸው» ማለት ዋጋ አይቀንስም።

ከደጀን፦ «ሃያ ምናምን የመጋዘን ሠራተኞች ነን፤ ወርኃዊ ደመወዝተኞች። ጭማሪ ጠይቀን ሰሚ ስናጣ ተሳቢ እያራገፍን መሀል ላይ አቆምን። በሩን ዘጋን። ሥራ ሊገቡ የመጡ ሁለት ልጆችንም ትንሽ ነካ አደረግናቸው። አሁን ሁላችሁም ተባራችኋል ተባልን። ሕጉ ከእኛ ጋር አይደለም?»

ነበር። ሳታሳውቁ መሀል ላይ እስካቆማችሁበት ድረስ ከእናንተ ጋር ነበር።

ይህን ጥያቄ በየዓመቱ እሰማዋለሁ። ከተማው ይለያያል እንጂ ታሪኩ አንድ ነው። አለቃው «እናያለን» ይላል። ልጆቹ ይታገሣሉ። አንድ ቀን አንዱ ጆንያውን ወርውሮ «በቃ!» ይላል፤ ሁሉም ይከተለዋል። ንዴቱ ይገባኛል፤ በእናንተ ዕድሜ ብሆን እኔም ልከተል እችል ነበር። ግን በዚያች ደቂቃ ማን እፎይ እንዳለ ታውቃላችሁ? አለቃው። ስለ ደመወዛችሁ መልስ መስጠት የነበረበት ሰው፣ አሁን ስለተዘጋ በሩና ስለተመቱት ልጆች አቤት ባይ ሆኖ ተቀመጠ።

ሥራ ማቆም መብት ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ላይ አስቀምጦታል፤ አዋጅ 1156/2011ም መንገዱን አበጅቶለታል። መንገዱ በንዴት የሚሄዱበት አይደለም። ጥያቄያችሁን ከነምክንያቱ ጽፋችሁ ለአሠሪው ትሰጣላችሁ። የሠራተኛ ጉዳይ ለሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ታሳውቃላችሁ። ይህ ማስጠንቀቂያ ሥራ ከማቆማችሁ ከ10 ቀን በፊት መድረስ አለበት። እስከዚያ በሽምግልና፣ በአስማሚ፣ በሚቻለው ሁሉ ለመስማማት ትሞክራላችሁ። እምቢ ካለ ስብሰባ ትጠራላችሁ። ከማኅበሩ አባላት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው ተገኝቶ አብላጫው «እናቁም» ሲል ነው የሚቆመው። ድምፁ ይቆጠር፤ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ይፈረምበት። ወረቀት፣ ወረቀት፣ ወረቀት! ጉዳዩ የአሠሪና ሠራተኛ ክርክር የሚወስነው ቦርድ ወይም ፍርድ ቤት ደርሶ ከሆነ ደግሞ፣ ውሳኔ ሳይሰጥ 30 ቀን ካላለፈ በቀር ማቆም አይቻልም። ለነገሩ ሆስፒታልን፣ መብራትን፣ ውኃን የመሳሰሉ አገልግሎቶች ላይ የሚሠራ ሰው ጭራሹኑ ሥራ ማቆም አይፈቀድለትም። የእናንተ መጋዘን እዚያ ውስጥ የለም፤ በሕጉ መንገድ ብትሄዱ ኖሮ የሚከለክላችሁ አልነበረም።

ያቆማችሁበትም ሰዓት ያስቆጣኛል። ግማሹ የተራገፈ ተሳቢ ላይ የተደረደረ ጆንያ ሲናድ ሰው ይጨፈልቃል። ሥራ ስታቆሙ አደጋ እንዳይደርስ መጠንቀቅ ራሱ የሕጉ ግዴታ ነው።

«ትንሽ ነካ አደረግናቸው» ላልካት ደግሞ፣ እንዲህ እያልክ ፖሊስ ጣቢያ እንዳታወራት። ኃይል ወይም ዛቻ ያለበት ሥራ ማቆም፣ ሌላው ሁሉ ቢሟላ እንኳ፣ ሕገ ወጥ ነው። በሥራ ቦታ አምባጓሮ ማንሣትም እንደ ክብደቱ ያለ ማስጠንቀቂያ ያስባርራል። በ1889 እ.ኤ.አ. የለንደን ወደብ ሠራተኞች ለሰዓት ስድስት ፔንስ ይከፈለን ብለው ሥራ ሲያቆሙ በየቀኑ ከተማው መሀል በሥርዓት ይሰለፉ ነበር። አንድ ወር ያህል ሲቆዩ የከተማው ሰው ወደዳቸው፤ ከአውስትራሊያ ድረስ ገንዘብ ተዋጥቶ መጣላቸው። ስድስቷን ፔንስም አገኟት። ልጆቹን እየደበደቡ ቢሆን ማን ያዋጣላቸው ነበር?

ስለ ገንዘብ ካነሣን፣ ደመወዝ የሚከፈለው ለተሠራ ሥራ ነው። ላቆማችሁበት ቀን አሠሪው ይከፍለናል ብላችሁ እንዳታስቡ። ለልጆቻችሁ ቀለብ ሳትይዙ የምታቆሙት ሥራ በሦስተኛው ቀን ራሱ ይፈርሳል።

አሁን ምን ይደረግ? እያንዳንዳችሁ የስንብት ደብዳቤ በጽሑፍ ጠይቁ። ሰው ያልነካው ከነካው ጋር በጅምላ መባረሩ የሚያከራክር ነገር ነው። ወደ ሥራ መመለስን የሚጠይቅ ክስ የሚቀርበው በሦስት ወር ውስጥ ነው፤ ቀን ቁጠሩ። ሁለቱን ልጆች በሽማግሌ ይቅርታ ጠይቁ። ከዚያ ጠበቃ ጋ ሂዱ። ከዚህ በላይ በስልክ የምመልሰው አይደለም።

ከባሕር ዳር፣ ሴት አድማጭ፦ «እህል እናበጥራለን፣ ጆንያ እንሸከማለን። ወንዶቹ የሚያገኙትን ግን አናገኝም።»

እህቴ፣ ለእኩል ሥራ እኩል ክፍያ የሕገ መንግሥት መብትሽ ነው። «የሴት ዋጋ» የሚባል በሕጉ የለም። ወንዶቹ የተከፈሉበትን ፔሮል (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር) ቅጂ ካገኘሽ፣ እሱን ይዘሽ ነይ።

ከሞጣ፦ «ጆንያ ሲቀደድ ከደመወዛችን ይቆርጣሉ።»

ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም አንተ በጽሑፍ የተስማማህበት ነገር ከሌለ መቁረጥ አይችሉም። ቢኖርም ከወር ደመወዝህ ከሲሶው አይበልጥም።

ከደብረ ማርቆስ፦ «ተደራጅተን በኩንታል ሒሳብ የምናወርድ ማኅበርተኞች ነን። ባለንብረቱ ዋጋ አልጨምር አለ። አድማ እንምታ?»

እናንተ በራሳችሁ ኃላፊነት ሥራ የምትወስዱ ከሆነ ባለንብረቱ አሠሪያችሁ አይደለም፤ ደንበኛችሁ ነው። ስለዚህ አዋጅ 1156ም ትርፍ ሰዓቱም አይመለከታችሁም። ዋጋው ካልተስማማችሁ «አናወርድም» ማለት ትችላላችሁ፤ የፈረማችሁት ውል ግን ካለ በውሉ ትያዛላችሁ። ውሉን አንብባችሁታል? እንዳላነበባችሁት በድምፅህ አውቄያለሁ። ደግሞም «ሌላ ማኅበር እዚህ ድርሽ አይልም» ብሎ መንገድ መዝጋት የለም። ከላይ የደጀኖቹን አንብቡ።

ከደንበጫ፦ «ኩንታል ተሸክሜ ከጣውላው ላይ ወደቅሁ። ወጌሻ አሽቶኛል። ባለቤቱ ትንሽ ብር ሰጥቶ ‹ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም› የሚል አስፈረመኝ። ወገቤ አልተሻለኝም።»

ሳታነብ ፈረምክ ማለት ነው። እኔ በዚህ ፕሮግራም ስንት ጊዜ…! ይሁን። የደንበጫ አረቄ ዝናው ይታወቃል፤ ሕመሙን ያስረሳህ ይሆናል እንጂ አጥንት አይገጥምም። እግርህ ከደነዘዘ ወይም ሽንትህን መቆጣጠር ካቃተህ ነገ ሳትል ዛሬ ሆስፒታል ግባ። የሕክምና ወረቀትህን አትጣል።

ተቀጣሪ ከሆንክ፣ በሥራ ላይ ለደረሰብህ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ሕክምናህን ይሸፍናል። መሥራት እስካልቻልክ ድረስ ለመጀመሪያው ሦስት ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዩ ሦስት ወር 75 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ስድስት ወር 50 በመቶ ይከፍላል። መፈረምህ የግድ ሁሉ አለቀ ማለት አይደለም። ወረቀቱን ለጠበቃ አሳይ።

ሌሎቻችሁም ስሙ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር አንድ አዋቂ ወንድ መሸከም ያለበት ከ55 ኪሎ እንዳይበልጥ ብሏል። ማዳበሪያው 50 ኪሎ ነው፤ እሺ። የጤፉ ጆንያ ግን 100 ነው። ለሁለት ያዙት። «ለብቻው ኩንታል ያነሣል» መባል ለሠርግ ጨዋታ ይሁን።

ከመራዊ፣ እናት፦ «ልጄ 14 ዓመቱ ነው። በክረምት ከአውራጆች ጋር ቢሠራ?»

አይሆንም እናቴ። ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው፤ 18 እስኪሞላውም ይህን ዓይነት ሸክም አይሸከምም።

ከቢቸና፦ «ያላገኘሁት ደመወዝ አለኝ፤ ሁለት ዓመት ሆነው። ውል አልነበረንም።»

ውሉ በቃል መሆኑ መብትህን አያስቀርም፤ እንዲያውም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ መግለጫ ሊሰጥህ ይገባ ነበር። የሚያሳስበኝ ሁለት ዓመቱ ነው። ስድስት ወር ያልኩት ለዚህ ነበር። በመሀል አሠሪው ዕዳውን አምኖ የጻፈልህ ነገር ካለ ነገሩ ሊለወጥ ይችላል፤ ያን የሚያየው ግን ሰነዱን ይዞ የሚቀመጥ ጠበቃ ነው። ለፍርድ ቤት ክፍያው አትስጋ፤ ሠራተኛ ለዚህ ክስ የዳኝነት አይከፍልም። ያለህን ቁራጭ ወረቀት ሁሉ ሰብስብና ሰኞ ጠዋት ሂድ።