ሰው ሲያዝንልን ለምን ይከፋናል?

አንዳንዱ «አይዞህ» ያበረታል። አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ አንገት ያስደፋል። ቃሉ ያው ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

አንድ ሰው ታሞ ተኝቷል እንበል። ጠያቂ ገባ። በሩ አጠገብ እንደቆመ ከንፈሩን መጠጠ። ከዚያ ወደ ሚስትየው ዞሮ፣ «ምግብ ይበላል?» አላት። ታማሚው ይሰማል፣ ይናገራልም። የታመመው እግሩ ነው!

ጠያቂው ክፉ ሰው አይደለም። አዝኗል። ግን ከላይ ወደ ታች እያየ ነው ያዘነው። ደግሞም የሰው ስቃይ ማየት ያስጨንቃል፤ ብዙ ጊዜ የምንጣደፈው የራሳችንን ጭንቀት ለማቅለል ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ባትሰን ከባልደረቦቹ ጋር በ1981 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ይህን ፈትኗል። ተሳታፊዎቹ አንዲት ሴት ኤሌክትሪክ ሲነዝራት በስክሪን አዩ። (አትደንግጡ፣ ንዝረቱ የውሸት ነበር። እነሱ ግን አላወቁም።) ከፊሎቹ ትንሽ አይተው መሄድ ይችላሉ። ሌሎቹ እስከ መጨረሻው ማየት አለባቸው። ከዚያ ተጠየቁ፦ በእሷ ቦታ ገብታችሁ የቀረውን ትቀበሉላታላችሁ?

ስለ ሴትዮዋ «ከእናንተ ጋር አትመሳሰልም» የተባሉት፣ መሄድ ሲችሉ አብዛኞቹ እምቢ አሉ። መውጫ ሲያጡ ግን ብዙዎቹ እሺ አሉ። እያዩ ከመሰቃየት መነዘሩ ሳይሻላቸው አልቀረም። «እንደ እናንተው ናት» የተባሉትስ? በሩ ክፍት ሆኖም አብዛኞቹ «እኔ ልተካት» አሉ።

እኔን የገረመኝ ይሄኛው ነው። ሰውን እንደ እኩያ ስናየው፣ ማምለጫ እያለንም አብረነው እንቆያለን።

ወደ ታማሚው ክፍል ሌላ ጠያቂ ገባ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ምን ላድርግልህ?» አለው፣ ራሱን ታማሚውን። «ስልኬ ቻርጅ ጨርሷል።» ሰካለት። ከዚያ ስለ ኳስ ተጨቃጨቁ።

በነገራችን ላይ፣ አዘኔታ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። የተራበ ሰው በአዘኔታ የተሰጠውን ምግብም ይበላል፣ ይጠግባልም።

ችግሩ የሚወጣው «አይ፣ ዛሬ ብቻዬን ልሁን» ስንል ነው። ከልቡ ያዘነልን ሰው፣ «እሺ፣ ነገ ልደውል?» ይላል። ሌላው ግን ያኮርፋል፦ «ላግዝህ ብዬ እኮ ነው! ደግ መሆንም ጥፋት ሆነ?»