ስሙ ሌላ፣ ዘሩ ሌላ፦ ስለ ድቅል ካናቢስ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ስለ ካናቢስ (ሐሺሽ) ድቅል ዝርያዎች በስልክ ከደረሱን ጥያቄዎች የተወሰኑትን ለዕፅዋት ዘረመል ባለሙያ አቅርበናል።

ጥያቄ፦ ብሉ ድሪም የሚባለው ዝርያ «60 በመቶ ሳቲቫ፣ 40 በመቶ ኢንዲካ» ነው ተብሎ ተጽፎ አይቻለሁ። ይህን የሚለኩት በምንድን ነው?

መልስ፦ አይለኩትም፣ ይገምቱታል። ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ተክሉን ካናቢስ ሳቲቫ ሲለው በአውሮፓ ለገመድና ለሸራ የሚዘራውን ረጅሙን የቃጫ ተክል ይዞ ነው። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ላማርክ በ1785 ከህንድ የመጣለት ናሙና ለየት ቢልበት ኢንዲካ ብሎ ሰየመው። «ሳቲቫ ያነቃል፣ ኢንዲካ ያስተኛል» የሚለውን ያመጣው ገበያው ነው እንጂ ከሁለቱ አንዳቸውም አልተናገሩትም።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ የዘረመል ጥናት ነገሩን በደንብ አጋልጦታል። «መቶ በመቶ ሳቲቫ» የተባለ የጃማይካ ላምስ ብሬድ ናሙና «መቶ በመቶ ኢንዲካ» ከተባለ የአፍጋኒስታን ናሙና ጋር በዘር አንድ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው! ንጹህ ናቸው የተባሉት እንዲህ ከሆኑ፣ በድቅሉ ላይ የተጻፈውን 60 እና 40 ማን ቆጠረው?

ስለ ብሉ ድሪም አዳቃዮች የሚሉት ብሉቤሪና ሄዝ ከሚባሉ ሁለት የካናቢስ ዝርያዎች ተወለደ ነው። ሁለቱ ወላጆች ራሳቸው ከብዙ ወገን የተቀላቀሉ ናቸው። ካናቢስ 20 ክሮሞሶም አለው፤ ልጅ ከእናቱ 10፣ ከአባቱ 10 ይወስዳል። ከአያቶቹ የትኛው ቁራጭ እንደሚደርሰው ግን ዕጣ ነው። የዘር ሐረግ መቁጠር ዕጣው በማን ላይ እንደወጣ አይነግርዎትም።

ጥያቄ፦ ሕጋዊ በሆነበት አገር ነው የምኖረው። በአንድ ስም ሁለት ጊዜ ገዝቼ ሁለቱ ፈጽሞ አልተመሳሰሉብኝም። ተታልዬ ይሆን?

መልስ፦ ተታለው ሊሆን ይችላል፣ ስም የሚጠብቅ የለም። ነገር ግን ማንም ሳያታልልም ይሆናል። ከእናት ተክል ተቆርጦ የተተከለ ቅርንጫፍ ከእናቱ ጋር አንድ ዘር ነው። ከዘር ፍሬ የበቀሉት ግን ወንድማማቾች ናቸው፤ የአንድ ቤት ልጆች መልካቸውም ጠባያቸውም እንደሚለያይ ማለት ነው።

የምወደው ምሳሌ ይኸውና። ተክሉ ሲቢጂኤ ከሚባል አንድ ጥሬ ዕቃ ሁለት ነገር ሊሠራ ይችላል። አንዱ ኢንዛይም ወደ ቲኤችሲኤ (ሲሞቅ የሚያሰክረው ቲኤችሲ ይሆናል)፣ ሌላው ወደ ሲቢዲኤ (ሲሞቅ የማያሰክረው ሲቢዲ ይሆናል) ይለውጠዋል፤ ሁለቱም የሚሻሙት ያንኑ ጥሬ ዕቃ ነው። ቲኤችሲ የሚበዛበትን ሲቢዲ ከሚበዛበት ጋር ቢያዳቅሉ የመጀመሪያው ትውልድ ሁለቱንም ይይዛል። እነዚያን ልጆች እርስ በርስ ካዳቀሉ ግን ከ4 የልጅ ልጆች በአማካይ 1 ቲኤችሲ፣ 1 ሲቢዲ፣ 2 ደግሞ ሁለቱንም ይዘው ይወጣሉ። ሜንዴል በአተር ያየው ስሌት ነው። እንግዲህ ሁሉም በአንድ ስም ቢሸጡ ገዢው ምን ሊሰማው እንደሚችል ያስቡት።

ጥያቄ፦ ቴርፒን የሚባለው ነገር ምንድን ነው? የሎሚ ሽታ ያለው ያነቃል ይላሉ።

መልስ፦ ቴርፒን ለተክል ሽታውን የሚሰጠው ዘይታማ ነገር ነው። የብርቱካን ልጣጭ ወስደው ሻማ አጠገብ እጥፍ አድርገው ጨመቅ ቢያደርጉት ብልጭ ይላል። የሚነደው ሊሞኒን የሚባል ቴርፒን ነው። ካናቢስም ይሠራዋል። የሴቴዋን አበባ በአጉሊ መነጽር ቢያዩ ትንንሽ እንጉዳይ የሚመስሉ፣ ራሳቸው እንደ ብርጭቆ የሚያበራ ፀጉሮች ይታያሉ፤ ሙጫውም ሽታውም የሚዘጋጀው እዚያ ውስጥ ነው። በማንጎና በጠጅ ሳር ያለው ሚርሲን፣ በላቬንደር ያለው ሊናሎል፣ በቁንዶ በርበሬና በቅርንፉድ ያለው ካርዮፊሊን ሁሉም እዚያ ይገኛሉ።

ከእነዚህ እኔን የሚገርመኝ ካርዮፊሊን ነው። ሲቢ2 ከሚባለው በሕዋሳችን ላይ ካለ መልእክት ተቀባይ ጋር በቀጥታ ይያያዛል፤ አያሰክርም ግን፣ ምክንያቱም ስካሩ የሚመጣው ቲኤችሲ አንጎል ውስጥ ያለውን ሲቢ1 ሲነካ ነው። ሎሚ የሸተተ ሁሉ ያነቃል የሚለውን ግን ለማስታወቂያ ጸሐፊዎች እተወዋለሁ። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ሻጮች «ኢንዲካ» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ሚርሲን የሚበዛበትን፣ አፈር አፈር የሚሸተውን እንደሆነ አሳይቷል። አፍንጫቸውን ተከትለው ነው ስም የሚያወጡት።

ጥያቄ፦ ማንጎ መብላት ስካሩን ያበረታል?

መልስ፦ ማንጎ ይብሉ፣ ጥሩ ፍሬ ነው። ከዚያ ያለፈ አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ የ17 ዓመት ልጄ «ድቅል ነው፣ ቀላሉ ዓይነት ነው» ይለኛል። ልመነው?

መልስ፦ አይመኑት፣ እናቴ። ድቅል ማለት የተቀላቀለ ማለት ነው እንጂ የቀለለ ማለት አይደለም። ብሉ ድሪምን ጨምሮ ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ድቅሎች ቲኤችሲ የበዛባቸው ናቸው። በልጅዎ ዕድሜ አንጎል ገና አላለቀም፤ እስከ 25 ዓመት ገደማ ይሠራል። በጉርምስና አዘውትረው የሚወስዱት ዘንድ የማስታወስ ችግርና ከእውነታ የመራቅ ሕመም በብዛት ይታያል፣ በቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ሕመም ካለ ደግሞ ስጋቱ ይብሳል። በስሙ አይከራከሩት። ስንት ጊዜ እንደሚወስድና ለምን እንደሚወስድ ረጋ ብለው ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ የሚበላው ለምን ዘግይቶ ይበረታል?

መልስ፦ የተጨሰው በሳንባ በኩል በደቂቃዎች ውስጥ አንጎል ይደርሳል። የተበላው ግን በሆድና በጉበት ያልፋል፤ ጉበት ቲኤችሲን ይበልጥ ወደሚያሰክር ሌላ ቅርጽ ይለውጠዋል። ስለዚህ ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ይዘገያል፣ ከመጣ በኋላም ለብዙ ሰዓታት አይለቅም። በልተውት ድንገተኛ ክፍል ከሚገቡት መካከል በ40ኛው ደቂቃ «ምንም አልተሰማኝም» ብለው ሁለተኛውን የበሉ አሉ።